ሞናድኖክ፦ የኪራይ ሂሳብ የቀረጸው ሕንፃ

ሞናድኖክ በቺካጎ መሃል ከተማ፣ ዲርቦርን ጎዳና ከጃክሰን ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን የቆመ ጥቁር ቡናማ የጡብ ሕንፃ ነው። ርዝመቱ 120 ሜትር ገደማ ሲሆን ከጃክሰን እስከ ቫን ቢውረን ጎዳና ይደርሳል፤ ወርዱ ግን ከ20 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በጫፉ በኩል ቆሞ ለሚያየው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ወፍራም መጽሐፍ ይመስላል። ከፍታው 66 ሜትር፣ የፎቁ ብዛት በሰሜኑ ወገን 16 ነው። አሜሪካውያን የመሬቱን ወለል አንድ ብለው ስለሚጀምሩ፣ በአዲስ አበባ ሥራ ተቋራጮች አጠራር ጂ ፕላስ 15 መሆኑ ነው።

አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ሕንፃ ነው። ሰሜናዊው ግማሽ በ1891፣ ደቡባዊው በ1893 ተጠናቀቀ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሰሜኑ ወገን የውጭው የጡብ ግድግዳ ራሱንም ፎቆቹንም ይሸከማል። በደቡቡ ወገን ሸክሙ የብረት አጽም ነው፤ ጡቡ በአጽሙ ላይ እንደ ልብስ የተደረበ ነው። የሰሜኑን አሠራር የጥንት ሮማ ግንበኛ ቢያየው አይደናገርም ነበር። የደቡቡ አሠራር ደግሞ ዛሬ በየከተማው ፎቅ የሚቆምበት መንገድ ነው። አላፊ አግዳሚው ድንበሩን ሳያስተውል ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል።

እንዲህ ያለ ሕንፃ በቺካጎ የበቀለው በምክንያት ነው። ከጥቅምት 8 እስከ 10 ቀን 1871 የነደደው ታላቁ እሳት 300 ያህል ሰው ገድሏል፤ ከ17,000 በላይ ሕንፃ አውድሞ 100,000 የሚሆን ነዋሪ ያለ መጠለያ አስቀርቷል። ከተማዋ የእህል፣ የከብት፣ የእንጨትና የባቡር መናኸሪያ ስለነበረች ንግዷ እሳቱ እስኪረሳ አልጠበቀም። የንግድ ቀበሌው ግን የሚሰፋበት አቅጣጫ አልነበረውም። በምሥራቅ ሐይቁ፣ በሰሜንና በምዕራብ ወንዙ፣ በደቡብ የባቡር ጣቢያዎችና ሐዲዶች አጥረውታል። መሬቱ ጠቦ ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ሕንፃውም ዋጋውን ተከትሎ ወጣ።

ወደ ላይ መውጣት የተቻለው ደግሞ በአሳንሰር ነው። ኤሊሻ ኦቲስ ገመዱ ቢበጠስ ሳጥኑን ባለበት የሚይዝ ፍሬን በ1854 ኒው ዮርክ ውስጥ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ከዚያ በፊት ከአራትና ከአምስት ፎቅ በላይ ያለ ክፍል በደረጃ የሚወጣበት ስለሌለ የሚከራየው በርካሽ፣ ያም ከተገኘ ነው። አሳንሰሩ ሂሳቡን ገለበጠው። የላይኛው ፎቅ ከጎዳናው ጫጫታና ከድንጋይ ከሰል ጭስ ፈቀቅ ያለ፣ ብርሃን የሚያገኝ፣ ስለዚህም የሚፈለግ ሆነ።

የሞናድኖክ ባለቤቶች በቺካጎ የሚኖሩ ሰዎች አልነበሩም። ፒተር ብሩክስና ሼፐርድ ብሩክስ የቦስተን ወንድማማቾች ናቸው። አያታቸው በባሕር ጭነት ኢንሹራንስ ከከተማው ቀዳሚ ባለጠጎች አንዱ የሆነ ሰው ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ውርሳቸውን ቺካጎ መሬት ላይ አፈሰሱት። ጉዳዩን የሚከታተሉት ከቦስተን ሆነው በደብዳቤ ነው። ታዲያ ደብዳቤዎቹ ተጠብቀው በመቆየታቸው፣ የአንድ ሕንፃ ባለቤት አርክቴክቱን ምን ምን እንዳስጨነቀው በዝርዝር ከሚታወቅባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ሆኗል።

በቺካጎ የእነሱ ዓይንና እጅ ኦወን አልዲስ የሚባል ጠበቃ ነበር። አልዲስ ወንድማማቾቹን ወክሎ መሬት ይገዛል፣ ያስገነባል፣ ያከራያል። በ1882 የተጠናቀቀውን ባለ 10 ፎቅ ሞንቶክ ብሎክን ያሠራው፣ ከዚያም በ1888 ሩከሪ የተባለውን ሕንፃ ከዳር ያደረሰው እሱ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ አርክቴክቶቹ ዳንኤል በርናምና ጆን ዌልቦርን ሩት ነበሩ። በርናም ደንበኛ ማሳመንና ሥራ ማደራጀት የሚችልበት፣ ሩት ደግሞ ሥዕሉና ስሌቱ እጁ ላይ የነበረ ሰው ስለሆነ፣ ሽርክናቸው በከተማዋ ብዙ ሥራ ከሚጎርፍላቸው ቢሮዎች አንዱ ሆነ።

አልዲስ ስለ ቢሮ ሕንፃ የነበረው አስተሳሰብ ዛሬም ለአከራይ ትምህርት ይሆናል። በእሱ እምነት ለብርሃንና ለአየር ብዙ ቦታ የለቀቀ ሕንፃ በመጨረሻ የተሻለ ገንዘብ ያመጣል። ሁለተኛ ደረጃ የሆነ ክፍል ለመሥራት የሚወጣው ወጪ አንደኛ ደረጃ ለሆነው ከሚወጣው አያንስም፤ ስለዚህ ጨለማ የጓሮ ክፍል መሥራት ኪሳራ ነው። ተከራይንም በሚመለከት ከአንድ ትልቅ ድርጅት ይልቅ ብዙ ትናንሽ ተከራዮች ይሻላሉ ይል ነበር። ትናንሾቹ በካሬ የሚከፍሉት ይበልጣል። ክፉ ዘመን ሲመጣ ሁሉም ባንድ ቀን ነቅለው አይወጡም። ሰዓት ጠብቀው ባንዴ ስለማይገቡና ስለማይወጡም አሳንሰሩን አያጨናንቁም። ይህ የመጨረሻው ምክንያት የሚያስቅ ይመስላል፤ ጠዋት ጠዋት አሳንሰር ፊት ለፊት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ግን አይስቅበትም።

የሕንፃው ቅጥነትም ከዚሁ ሂሳብ የመጣ ነው። የዘመኑ የኤሌክትሪክ አምፖል ደካማ ስለነበር ሥራ የሚሠራው በመስኮት ብርሃን ነበር፤ የቀን ብርሃን ከመስኮቱ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ደግሞ ሰባት ሜትር ያህል ነው። ወርዱ 20 ሜትር ከሆነ መሃሉን ለኮሪደር፣ ግራና ቀኙን ለቢሮ መስጠት ይቻላል። በዚህ መልኩ ወደ ጎዳና የማያይ ቢሮ አይኖርም። ኮሪደሩም ቢሆን ጨለማ እንዳይሆን የቢሮዎቹ በርና የውስጥ ግድግዳ በመስታወት ተሠራ፤ ደረጃው ከላይ የመስታወት ጣራ ተደረገለት። በመሬቱ ወለል ላይ ኮሪደሩ ከሰሜን እስከ ደቡብ በግራና በቀኝ ሱቅ የተደረደረበት የቤት ውስጥ ጎዳና ሆነ። እያንዳንዱ ሱቅ አንድ በር ወደ ውጭ፣ አንድ በር ወደ ኮሪደሩ አለው።

ቦታው በተገዛበት ጊዜ ከጃክሰን ጎዳና በስተደቡብ ያለው ሰፈር እንደ ዳር ይቆጠር ነበር። አልዲስ ግን የእህል ገበያው ወደዚያ እንደሚጠጋ አይቷል። የቺካጎ ንግድ ቦርድ በ1885 በጃክሰን ጎዳና ላይ አዲሱን ሕንፃውን ሲከፍት ደላሎች፣ የባቡር ኩባንያዎችና ጠበቆች ተከትለውት መጡ፤ የአካባቢው መሬትም ዋጋ አወጣ።

ሩት የመጀመሪያ ንድፎቹን የሠራው በ1884 እና በ1885 አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ልቡን የሳበው የጥንት ግብፅ ነበር፤ በንድፎቹ ላይ የሎተስ አበባና ሌላም የግብፅ ጌጥ ነበረበት። ፒተር ብሩክስ ጌጡን አልወደደውም። የእሱ ተቃውሞ ስለ ውበት ከሚነሳ ክርክር የመጣ አይደለም፤ ከግድግዳ ወጣ ያለ ነገር ሁሉ ጥላሸት ይይዛል፣ እርግብና ድንቢጥ ይሰፍርበታል፣ ለሕንፃው ጥንካሬ ደግሞ የሚጨምረው የለም የሚል ነው። ቺካጎ በድንጋይ ከሰል የምትሞቅ፣ በድንጋይ ከሰል የምትንቀሳቀስ ከተማ ስለነበረች ጥላሸቱ ቀልድ አልነበረም። የተቀረጸ ድንጋይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጠቁራል፤ ማጽዳት ደግሞ ገንዘብ ነው።

ሥራው ለጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1889 እንደገና ተነሣ። ሩት ከከተማ ወጥቶ በነበረበት ሰሞን በርናም አንድ ረዳት ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ ምንም ጌጥ የሌለው ሕንፃ እንዲስል እንዳዘዘና ሩት ሲመለስ እንደተናደደ ይነገራል። ሲረጋጋ ግን ነገሩ ተገለጠለት። የወፍራም ግብፃዊ ግንብ ቅርጽ ለራሱ በቂ ነው፤ ጌጡን ትቶ መስመሩን ብቻ ማስቀረት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ለመስመሩ የተጨነቀውን ያህል ሌላ አርክቴክት ለሐውልት አይጨነቅም።

በእርግጥ የሕንፃው ልስላሴ የሚገባው ቀርበው ሲያዩት ነው። ግድግዳው ከመሬት ሲነሣ ሰፋ ብሎ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ፎቅ ላይ በለስላሳ ኩርባ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደ ፓፒረስ አበባ ወደ ውጭ ይለጠጣል። የሕንፃው ማዕዘን ከታች ስለታም ነው፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጠርዙ ቀስ በቀስ እየተገረዘ ይሰፋል። ይህን ሁሉ በጡብ መሥራት ቀላል አይደለም። ተራ ጡብ አራት ማዕዘን ስለሆነ ኩርባውን የሚከተሉ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ጡቦች በተለየ ቅርጽ ማውጫ ተሠርተው መጋገር ነበረባቸው። ጌጥ በመከልከል ሊድን የታሰበው ገንዘብ በከፊል ወደ ጡብ ፋብሪካው ሄደ ማለት ነው።

ሌላም የሚያስፈግግ ነገር አለ። ከግድግዳ ወጣ ያለ ነገር አልፈልግም ያለው ባለቤት ከላይ እስከ ታች በረድፍ ወደ ውጭ ሆድ ያወጡ መስኮቶችን ተቀብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ መስኮቶች ብርሃን ከሦስት አቅጣጫ ይሰበስባሉ፤ ከዚያም በላይ ከይዞታው ወሰን አልፈው ከእግረኛው መንገድ በላይ ይንጠለጠላሉ። ባልተገዛ መሬት አየር ላይ የሚከራይ ወለል ተገኘ። ለእርግብ የተነፈገው ለተከራይ ተፈቀደ። ግድግዳው በፀሐይ ሲመታ የሚያሳየው ሞገድ፣ ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣው፣ የዚህ ስሌት ውጤት ነው።

የጡብ ግድግዳው ውፍረት በሥነ ሕንፃ መጻሕፍት ሁሉ የሚጠቀስ ነው። ከመሬቱ ወለል ላይ 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ ወደ ላይ እየቀጠነ ሄዶ ጫፉ ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ምክንያቱን ለመረዳት ምህንድስና መማር አያስፈልግም። በሸክም ተሸካሚ ግድግዳ ውስጥ እያንዳንዱ የጡብ ረድፍ ከበላዩ ያለውን ሁሉ ይሸከማል፤ አንድ ፎቅ በተጨመረ ቁጥር ከታች ያሉት ሁሉ መወፈር አለባቸው። በ20 ሜትር ወርድ ላይ ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ብቻ 3.6 ሜትር ይወስዳሉ። የሚወስዱትም ኪራዩ በጣም ከሚወደደው፣ ሱቅ ከሚከፈትበት ከመሬቱ ወለል ነው። መስኮቱም በወፍራም ግድግዳ መሃል ስለሚሰምጥ ብርሃኑ ይቀንሳል። ሕንፃው ወደ ላይ ሲያድግ ከታች ራሱን ይበላል። በ16ኛው ፎቅ ላይ ዘዴው የሚችለውን ያህል ሄዷል፤ ከጡብ ብቻ በሚሸከም ግድግዳ ከተሠሩ የቢሮ ሕንፃዎች ከዚህ የበለጠ ከፍታ የደረሰ የለም።

ታዲያ ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? ነበር። አርክቴክት ዊልያም ለባሮን ጄኒ በ1885 በቺካጎ ያጠናቀቀው የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ አብዛኛውን ሸክም በብረት አጽም ላይ ያኖረ ነበር፤ አርክቴክቶቹ ሆላበርድና ሮሽ በ1889 የጨረሱት ታኮማ ሕንፃም ዘዴውን አንድ እርምጃ ወስዶታል። ሩት ራሱ ብረትን አሳምሮ ያውቃል። የከለከለው የባለቤቱ ጥርጣሬ ነው። ብረት በጡብ ውስጥ ተቀብሮ ቢዝግ ማን ያየዋል? ገንዘቡን ለልጅ ልጅ የሚያስቀምጥ የቦስተን ሰው ገና አሥር ዓመት ባልሞላው ዘዴ ላይ ሀብቱን ለማንጠልጠል አልፈለገም። ጥርጣሬው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ የቀደሙት የብረት አጽሞች ዝገት ከጊዜ በኋላ ብዙ ጥገና ጠይቋል።

ቢሆንም ሰሜኑ ግማሽ ብረት የሌለበት አይደለም። የውስጥ ምሰሶዎቹና ወለል ተሸካሚዎቹ ብረት ናቸው። ሕንፃው ረጅምና ቀጭን በመሆኑ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ሰፊውን ጎኑን ይገፋዋል፤ ይህን ለመቋቋም ምሰሶዎቹን እርስ በርስ የሚያስሩ አግዳሚ ብረቶች ተገጠሙ። ይህም በአሜሪካ የሕንፃ ሥራ ከመጀመሪያዎቹ የነፋስ ማጠናከሪያዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ደረጃውም የራሱ ታሪክ አለው። አሉሚኒየም እስከ 1886 ድረስ ከብርቅ ማዕድናት ተርታ የሚቆጠር ነበር፤ በዚያ ዓመት ቻርልስ ማርቲን ሆል በአሜሪካ፣ ፖል ኤሩ በፈረንሳይ በኤሌክትሪክ የሚለይበትን ዘዴ ሲያገኙ ዋጋው መውረድ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሞናድኖክ ደረጃ አጥር በአሉሚኒየም ተሠራ። ይህም አሉሚኒየም ለሕንፃ ሥራ በዋለበት ታሪክ ከቀዳሚዎቹ ይመደባል። ከውጭ ጌጥ የነፈገ ባለቤት ተከራይ በየቀኑ እጁን በሚያሳርፍበት ቦታ አልሰሰተም።

ከሁሉ የሚከብደው ጣጣ ከመሬት በታች ነበር። ቺካጎ የተቀመጠችው እርጥበት በበዛበት ለስላሳ የሸክላ አፈር ላይ ነው፤ ዓለቱ የሚገኘው ከ30 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ነው። በዘመኑ ወደዚያ መድረስ ስለማይታሰብ ሕንፃውን ጭቃው ላይ ማንሳፈፍ የሚባል ዘዴ ይሠራበት ነበር። ሩት የባቡር ሐዲድና የብረት አግዳሚዎችን በፍርግርግ አነባብሮ በኮንክሪት ውስጥ በመቅበር ሰፊ ምንጣፍ ሠራ። ምንጣፉ ሸክሙን በሰፊ ቦታ ላይ ይበትነዋል፤ ከሕንፃው ጠርዝም ሦስት ሜትር ያህል አልፎ ከጎዳናው ሥር ይዘረጋል። እንዲያም ሆኖ ሕንፃው መስመጡ አይቀርም። መሐንዲሶቹ ይህን አውቀው 20 ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ አስበው ከመነሻው ከፍ አድርገው ሠሩት። ሞናድኖክ ግን ከግምቱ አልፎ ሰመጠ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ሲለካ ግማሽ ሜትር ያህል ወርዶ ነበር፤ ከጎዳናው ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ደረጃ መውረድ ያለበት በዚህ የተነሣ ነው። አሰማመጡ እኩል በመሆኑ ግን ግድግዳው አልተሰነጠቀም፣ ሕንፃውም አልዘመመም።

ሩት ሥራው ሲጠናቀቅ አላየም። በጥር 1891፣ 41 ዓመት በሞላው በአምስተኛው ቀን፣ በሳንባ ምች ሞተ። በዚያን ሰሞን ከበርናም ጋር ለ1893 የዓለም ኤግዚቢሽን እየተዘጋጁ ነበር። በርናም ኤግዚቢሽኑን ያለ ሩት መራው፤ ቺካጎም በነጭ ልስን በተሸፈኑ፣ የግሪክና የሮማ ዓምድ በተደረደረባቸው አዳራሾች ተጥለቀለቀች። ሞናድኖክ ሙሉ በሙሉ ባለቀበት ዓመት የአሜሪካ ጣዕም በትክክል ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ዞረ።

ብሩክሶች ሰሜኑ ግማሽ ቶሎ በመከራየቱ ደቡቡን ለማስቀጠል አላመነቱም። ሥራው ለዊልያም ሆላበርድና ለማርቲን ሮሽ ተሰጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ የባለቤቶቹ ጥርጣሬ ተነኖ ኖሮ አዲሱ ግማሽ በብረት አጽም ቆመ። ወርዱ፣ የጡቡ ቀለም፣ የመስኮቶቹ ረድፍ ከቀድሞው ጋር እንዲስማማ ተደረገ፤ ነገር ግን ግድግዳው ቀጠነ፣ መስኮቱ ሰፋ፣ ሕንፃው ቀለለ፣ የሚከራየው ወለልም ጨመረ። እዚህም እዚያም ጌጥ ተመልሷል፤ ጫፉ ላይ ከበድ ያለ ክፈፍ ተቀምጧል፣ በሮቹ ላይ ቅስት ታይቷል። አጥንቱ አዲስ፣ ልብሱ አሮጌ ነው። ሰሜኑ ደግሞ በተቃራኒው አጥንቱ አሮጌ፣ ልብሱ ከዘመኑ ቀድሞ የመጣ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማየት የሚቻልበት ሌላ ቦታ ስለሌለ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሁሉ ወደ ዲርቦርን ጎዳና ይላካል።

ሁለቱ ግማሾች ደግሞ እያንዳንዳቸው ለሁለት ተከፍለው አራት ስም ነበራቸው፦ ሞናድኖክ፣ ኪርሳርጅ፣ ካታዲን እና ዋቹሴት። አራቱም የባለቤቶቹ አገር የኒው ኢንግላንድ ተራሮች ናቸው። አራቱ ክፍሎች ለየብቻቸው ሊተዳደሩ እንዲችሉ የየራሳቸው መግቢያና አሳንሰር ነበራቸው። ውሎ አድሮ ሦስቱ ስሞች ተረስተው የመጀመሪያው ለሁሉም ሆነ። ቃሉ ከአገሬው ተወላጆች ቋንቋ የመጣ ነው፤ በሥነ ምድርም በሜዳ መካከል ብቻውን ቀርቶ የቆመ ተራራ ሞናድኖክ ይባላል።

በ1893 ሕንፃው ሲጠናቀቅ 1,200 ክፍልና ከ6,000 በላይ ሠራተኛ የሚይዝ፣ በዓለም ትልቁ የቢሮ ሕንፃ ነበር። ጠቅላላ ወጪው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። በዚያው ዓመት የከተማው ምክር ቤት የሕንፃ ከፍታ ከ130 ጫማ፣ ማለትም ከ40 ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ። ባለቤቶች ባዶ ቢሮ እንዳይበዛ ሠግተው፣ ነዋሪውም ጎዳናው ገደል እንዳይሆን ፈርቶ ነበር። በዚህ ድንጋጌ ምክንያት ሞናድኖክ ለጥቂት ዓመታት የሚወዳደረው ጎረቤት ሳይነሣበት ቆየ። በ1897 ደግሞ መሃል ከተማውን የሚዞረው ከፍ ያለ የባቡር መስመር ሲጠናቀቅ በቫን ቢውረን ጎዳና ላይ፣ ከደቡቡ ጫፉ ሥር አለፈ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አርባ ዓመታት እንደ ማንኛውም የቢሮ ሕንፃ ያለፉ ናቸው፤ ጠበቃ፣ ደላላ፣ መሐንዲስ፣ ባቡር ኩባንያ ገባ፣ ወጣ። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ኪራዩን ሲያሳንሰው በ1938 አዲስ ለማስመሰል እድሳት ተደረገለት። የሥራው ንድፍ ያኔ ገና ወጣት ከነበረው ከስኪድሞርና ኦዊንግስ ቢሮ ነበር። መግቢያው ዘመናዊ ልባስ ለበሰ፣ በእጅ የተነጠፈው ሞዛይክ በሌላ ወለል ተሸፈነ፣ የእንጨትና የመስታወት ሥራው ከእይታ ተሰወረ። ለተከራይ ሲባል የተሠራው ለተከራይ ሲባል ተደበቀ። በ1940 ደግሞ ከዲርቦርን ጎዳና በታች የምድር ባቡር መቆፈር ሲጀምር የምሥራቁ ግድግዳ እንዳይናድ እስከ ጠንካራው ምድር የሚወርዱ የኮንክሪት ምሰሶዎች ገቡለት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አንዱ ጎኑ መንሳፈፉን ትቶ ምድር ረገጠ።

ሕንፃው ሲያረጅ ስሙ ግን እያደገ ሄደ። አርክቴክት ሉዊስ ሱሊቫን በ1924 ባሳተመው ግለ ታሪኩ አወድሶታል። የአውሮፓ ዘመናዊ አርክቴክቶችና ተቺዎችም በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ጌጥ የሌለውን ሕንፃ እንደ እምነት ሲሰብኩ፣ ቺካጎ ውስጥ ከእነሱ ቀድሞ የተራቆተ ግድግዳ አገኙ። ከእምነታቸው ጋር የሚስማማ ቅድመ አያት ሆነላቸው። የቦስተኑ ባለቤት ያሰበው እርግብንና ጥላሸትን መሆኑ ከታወቀ በኋላም ግምገማቸው አልተለወጠም፤ መለወጥም የለበትም፣ ሩት መስመሩን የሳለው ለእርግብ ብሎ አይደለምና። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮኸ ጥቁር የብረትና የመስታወት የፌዴራል ሕንፃዎች ከጃክሰን ጎዳና ማዶ ሲቆሙ ሁለቱ ጌጥ አልባዎች ፊት ለፊት ተያዩ።

እስከዚያ ድረስ የሞናድኖክ ዘመዶች አንድ በአንድ ፈርሰው ነበር። ሞንቶክ ብሎክ በ1902፣ ታኮማ በ1929፣ ሆም ኢንሹራንስ በ1931 ወርደዋል፤ ሁሉም የጠፉት በቦታቸው የበለጠ የሚያስገባ ሕንፃ ስለተፈለገ ነው። የብሩክስ ቤተሰብ ሞናድኖክን እስከ 1966 ይዞ ቆይቶ ሸጠው። በ1970 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ፣ በ1973 በቺካጎ ከተማ ቅርስነት ተመዘገበ። መዝገብ ግን ኪራይ አይከፍልም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሕንፃው አርጅቶና ገቢው ሳስቶ ነበር።

በ1979 አዳዲስ ባለቤቶች ገዝተው ያልተለመደ ውሳኔ ወሰኑ፦ ሕንፃውን ከማዘመን ይልቅ ወደ 1890ዎቹ መመለስ። ሥራው በአርክቴክት ጆን ቪንቺ ምክር እስከ 1992 ድረስ 13 ዓመት ፈጀ። በአንድ ጊዜ የሚያስጨርስ ገንዘብ ስላልነበረ ፎቅ በፎቅ፣ ክፍል በክፍል ነው የተሄደው። ለናሙና የተረፈው ጥቂት ነበር፤ ከኋለኛው ወለል ሥር የተገኘ ሞዛይክ፣ አሮጌ በርና የመስኮት ቁራጭ፣ የድሮ ፎቶግራፍና የመጀመሪያው የሥራ ንድፍ እየታየ የቀረው እንደ ገና ተሠራ። የጃክሰን ጎዳናው መግቢያ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ፤ የአሉሚኒየሙ ደረጃ ተገለጠ፤ በኮሪደሩ መስታወት ላይ የተከራዮቹ ስም በወርቅ ቀለም መጻፍ ጀመረ።

ተከራዮቹም አልዲስ የሚመርጣቸው ዓይነት ሆኑ። የዘመኑ ትላልቅ ድርጅቶች ሰፊና ክፍት ወለል ስለሚፈልጉ በሰባት ሜትር ጥልቀት ክፍል አይገቡም። ጥቂት ሰዎች ያሉት የጠበቃ ቢሮ፣ የአርክቴክት ቢሮ፣ አነስተኛ ማኅበር ግን የሚከፈት መስኮትና የቀን ብርሃን ያለው ክፍል ይወዳል። በመሬቱ ወለል ኮሪደር ባርኔጣ ሠሪ፣ ፀጉር ቆራጭ፣ ጫማ ጠጋኝና ቡና ቤት በመስታወት ማሳያቸው ጀርባ ተደረደሩ፤ ከጃክሰን የገባ እግረኛ በመካከላቸው አልፎ በቫን ቢውረን ይወጣል። በ2007 ሞናድኖክ ለሽያጭ ቀረበ።